ዓምድ ያልነበረው ስም

ውድ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ፒያሳ አካባቢ ካለችው ቤቴ ሆኜ ነው። ማለዳ ተነሥቼ ስንሸራሸር በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር በተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ በኩል አልፋለሁ፤ እግረ መንገዴንም ስለ ሰፈሩ ስም አስባለሁ። ፒያሳ የጣሊያን ቃል ነው። ካዛንቺስም ስሙን ያገኘው ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ነው። ከሚያዝያ 1928 እስከ ሚያዝያ 1933 ዓ.ም. አምስት ዓመት ብቻ በከተማችን የቆየ ወራሪ ስሞቹን ትቶልን ሄዷል። ይለወጡ ማለቴ አይደለም፤ ልጅነታችንም፣ ትዳራችንም፣ ሐዘናችንም በእነርሱ ውስጥ አልፏልና ዛሬ የእኛ ናቸው። ነገሩን ያነሣሁት፣ ስም መስጠትና ስም መንሣት እንደ ዋዛ የሚታይ ጉዳይ አለመሆኑን ሥራዬ ስላስተማረኝ፣ ልነግራችሁ የምፈልገውም ከዚሁ የሚነሣ ስለሆነ ነው።

ሠላሳ ስምንት ዓመት የአፈር ጥናት ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። በቅርቡ ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቤቴ መጥተው፣ የአፍሪካ ሕዝቦች ከቅኝ ግዛት በኋላ የራሳቸውን ዕውቀትና የማወቂያ መንገድ ስለ ማስመለሳቸው ምን እንደማስብ ጠየቁኝ። ከመካከላቸው አንዱ፣ «ጋሼ፣ እኛ እኮ ቅኝ አልተገዛንም፤ ታዲያ ጉዳዩ እኛን ይመለከተናል?» አለኝ። ጥያቄው ቅን ነበር፤ እኔ ግን ቡናው ሳይቀዘቅዝ በሁለት ቃል መለስኩለት፤ ሲሄዱም መልሴ እንዳልበቃው ተሰማኝ። ይህ ደብዳቤ ያኔ ያልሰጠሁት መልስ ነው።

ቅኝ አልተገዛንም፤ ይህን ማንም ሊወስድብን አይችልም። ይሁን እንጂ ስድስት ኪሎ የቆመውን የየካቲት 12 ሐውልት አስታውሱ። በ1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ላይ ከወረደው እልቂት ጋር ወራሪው የተማሩ ወጣቶችን እየለየ አድኖ ገደለ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ደግሞ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ረሸነ። በዘመናዊ ትምህርት ቤት የተማረውንም በአብነት ትምህርት ቤት ያደገውንም በጥቂት ወራት ውስጥ መታ ማለት ነው። ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቱን መልሰን ስናቋቋም፣ ባዶውን ቦታ የሞላነው ባመዛኙ ከውጭ በመጣ መጽሐፍና ከውጭ በመጣ ቅጽ ነበር። ስለ መጽሐፉ ብዙዎች ጽፈዋል። እኔ ስለ ቅጹ ልንገራችሁ፤ በእጄ የሞላሁት እርሱን ነውና።

በ1972 ዓ.ም. ሥራ ስጀምር የተሰጠኝ የመስክ ቅጽ በእንግሊዝኛ የታተመ ነበር። የቦታው ከፍታ፣ የተዳፋቱ መጠን፣ የአፈሩ ቀለም በሙንሴል የቀለም መጽሐፍ ቁጥር፣ የሸክላው ብዛት፣ የአፈሩ ዓለም አቀፍ ስም እያለ ሃያ ያህል ዓምዶች ነበሩት። ገበሬው አፈሩን ምን ብሎ እንደሚጠራው የሚጻፍበት ዓምድ ግን አልነበረውም። ያዘጋጁት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ እነርሱም ከሌላ አገር የመጣውን እንዳለ ቀድተው ነው። እኔም ጎደሎ መሆኑን ለዓመታት ልብ አላልኩም።

በሦስተኛው ዓመት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ለስንዴ ዘር ማባዣ የሚሆን መሬት እንድመርጥለት ወደ ሰሜን ሸዋ ላከኝ። ማሳውን የሚያዞሩኝ አንድ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። መሰርሰሪያዬን አስገብቼ ያወጣሁትን ጓል ከመጽሐፌ ቀለማት ጋር ሳስተያይ፣ አዛውንቱ ቁራጩን ከእጄ ተቀበሉኝ፤ ከቅላቸው ጥቂት ውኃ ጠብ አድርገውበት በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አሹት፤ ከዚያም ጣቶቻቸውን ቀስ ብለው እያላቀቁ ጭቃው እንዴት እንደሚለቅ ተመለከቱ። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ከግራሯ በላይ ያለው መረሬ ያበላል። ከግራሯ በታች ያለው ግን ውኃ ይዞ አይለቅም። እዚያ በክረምት ስንዴ አይዘራም፤ እኛ መስከረም እስኪጠባ ጠብቀን ሽምብራ ወይም ጓያ ነው የምንዘራበት።» በእኔ ካርታ ላይ መሬቱ ሁሉ አንድ ቀለም፣ አንድ ስም ነበረው፤ ቨርቲሶል፣ ማለትም ሲርስ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር ሸክላ አፈር። እርሳቸው በዚያ አንድ ቀለም ውስጥ ሦስት አፈር ይለዩ ነበር፤ ለሦስቱም ስም ነበራቸው። ስሞቹን በኪስ ደብተሬ ጻፍኳቸው፤ ወደ ቅጹ ግን አላለፉም፤ ዓምድ የላቸውምና።

ስንዴው ሐምሌ ላይ ተዘራ። በነሐሴ መጨረሻ ስመለስ ከግራሯ በታች ያለው ማሳ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ ውኃው በየትልሙ ተኝቶ ደመና ይታይበታል። አዛውንቱ ጉልበታቸውን አቅፈው ማሳው ዳር ተቀምጠዋል። አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም። እኔ ሪፖርቴ ላይ «ከወትሮው የበዛ ዝናብ» ብዬ ጻፍኩ። ያ ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ዝናቡ የወትሮው ነበርና።

ከዚያ በኋላ ለትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት ተላክሁ። ቋንቋውን ተምሬ የመጀመሪያውን የአፈር ምደባ ትምህርት ስከታተል መምህራችን ቼርኖዜም ማለት በተራው ሰው ሩሲያኛ «ጥቁር መሬት» ማለት እንደሆነ ነገሩን። ፖድዞልም የገበሬ ቃል ነው፤ ገበሬው ሲያርስ ከላይኛው አፈር ሥር አመድ የመሰለ ንጣፍ ስለሚያገኝ «ከሥሩ አመድ» ብሎ ጠራው። ዶኩቻዬቭ የሚባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1883 ስለ ሩሲያ ጥቁር አፈር ያሳተመው ጥናት ለዘመናዊው የአፈር ሳይንስ መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል፤ እርሱም የገበሬዎቹን ቃላት አልጣላቸውም፤ አጥንቶ፣ ለክቶ፣ ወሰን አበጅቶላቸው ወደ ሳይንስ አስገባቸው። ሬንድዚና የሚባለው የአፈር ስም ደግሞ ከፖላንድ ገበሬዎች ተወሰደ፤ አንዶሶል የሚለው የአፈር ስም ከጃፓንኛ ቃላት ተሠራ። እኔ በካርታዬ ላይ በጥንቃቄ የምጽፋቸው፣ የሳይንስ ቋንቋ ናቸው ብዬ የማከብራቸው ስሞች፣ ብዙዎቹ የሰው አገር ገበሬ ቃላት ነበሩ።

ያን ዕለት ማታ በተማሪዎች መኖሪያ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የአዛውንቱን ሦስት ስሞች ለማስታወስ ሞከርኩ። መረሬ መጣልኝ። ሁለተኛውም ዘግይቶ መጣ። ሦስተኛው ግን ጠፋኝ፤ ደብተሩ ደግሞ አዲስ አበባ በእናቴ ሣጥን ውስጥ ነበር። በቼርኖዜምና በመረሬ መካከል ያለው ልዩነት አንዱ ሳይንስ ሌላው ተረት መሆኑ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። የሩሲያው ገበሬ ቃል የሚጠይቀውና የሚጽፈው ሰው አገኘ፤ የሰሜን ሸዋው ገበሬ ቃል ያገኘው ግን እኔን ነበር።

ልጆቼ፣ አጥብቄ የምነግራችሁ ይህንን ነው። ዕውቀታችንን ማስመለስ ከሁሉ አስቀድሞ ሥራ ነው፤ መጠየቅ፣ በባለቤቱ ቃል መመዝገብ፣ መፈተን፣ ውጤቱንም ለባለቤቱ መመለስ ነው። ስብሰባና መግለጫ ይህን ሥራ አይተካውም፤ የአባቶቻችንን ጥበብ በአዳራሽ ማወደስ ደግሞ ጥበቡን ከመማር ይልቅ እጅግ ይቀልላል።

ከትምህርት ስመለስ እዚያው ሰሜን ሸዋ፣ ሞረትና ጅሩ ውስጥ ወዳለችው እነዋሪ ሄድኩ። በሞረትና ጅሩ ያሉትን ጥቁር አፈሮች የምታውቁ፣ ክረምት ሲገባ እግር እንደሚውጡ፣ በጋ ሲሆን ደግሞ ክንድ እስኪያስገቡ እንደሚሰነጠቁ ታውቃላችሁ። በአገራችን እንዲህ ያለው አፈር ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ይገመታል፤ ከዚህም 7.6 ሚሊዮኑ በደጋው ነው። በብዙ ቦታ ገበሬው ክረምቱን ሙሉ መሬቱን ክፍት አቆይቶ በመጨረሻው እርጥበት ይዘራል። እነዋሪ ግን ሌላ ነበር። በሬዎቹ አርሰው ከወጡ በኋላ እናቶችና ልጆች በየትልሙ ተንበርክከው ጭቃውን በእጃቸው እየዛቁ ከቦዩ ወደ መደቡ ያወጡት ነበር። አንዲት እናት ልጃቸውን በጀርባቸው አዝለው ሲሠሩ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አየሁ፤ ክርናቸው ድረስ ጭቃ ነበሩ፤ መደቡን በመዳፋቸው ደልደል አድርገው ጫፉን በአይበሉባቸው መታ መታ ያደርጉት ነበር፤ ልክ ሊጥ እንደሚያስተካክሉ። ውኃው በቦዩ ወርዶ ይሄዳል፤ እህሉ በመደቡ ላይ ይቆማል። «ማን አስተማረዎት፣ እማማ?» ብላቸው ጥያቄው ግራ ገብቷቸው ቀና አሉና፣ «እናቴ ናታ» አሉኝ።

በአዲስ አበባ ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ይህን አይተው ነበር። የእጁ ሥራ ለሴቶችና ለሕፃናት እጅግ አድካሚ መሆኑን ተገንዝበው ሁለት ማረሻ አጣምረው፣ ጎንና ጎኑ ክንፍ አበጅተው፣ በበሬ የሚጎተት የመደብ ማውጫ ሠሩ። ዛሬ በግብርና ባለሙያዎች ዘንድ ቢቢኤም ተብሎ የሚታወቀው መሣሪያ ይህ ነው። ሐሳቡን በማድነቅ አላበቁም፤ ከሴቶቹ ጫንቃ ላይ ሸክሙን የሚያወርድ ነገር ጨመሩበት። ዕውቀት ሲፈተንና ሲያድግ እንዲህ ነው። የሚቆጨኝ ግን መሣሪያው በሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት መጠራቱ ነው፤ የእነዋሪ እናቶች በስሙ ውስጥ የሉም።

ሌላው አፍሪካ ከእኛ የባሰ ደርሶበታል። እ.ኤ.አ. በ1947 የእንግሊዝ መንግሥት በታንጋኒካ (በዛሬዋ ታንዛኒያ) ኮንግዋ በሚባል ቦታ ለውዝ ለማምረት በሚሊዮን በሚቆጠር ኤከር መሬት ላይ ትልቅ ዘመቻ ጀመረ። በዚያ የሚኖረው የጎጎ ሕዝብ ዝናቡ የማይታመን መሆኑን በረሃብ የተማረ፣ ከብት እያረባ አገሩን በጥንቃቄ የሚጠቀም ሕዝብ ነው። ሸክላ የበዛበት አፈር በበጋ እንደ ጡብ ደርቆ ለውዙን ከመሬት ማውጣት አቃተ፤ ትራክተሮቹ ከባኦባብ ግንድ ጋር ሲታገሉ ተሰባበሩ። 36 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ከፈሰሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1951 ሥራው ተተወ። በዚያ አፈር ላይ ዕድሜውን የኖረን ሰው ቀርቦ መጠየቅ ከዚህ ገንዘብ ስንቱን ያድን እንደነበር አስቡት።

ከዚህ በተቃራኒ የያኩባ ሳዋዶጎን ታሪክ ደጋግሜ ለወጣቶች እነግራለሁ። በቡርኪና ፋሶ ሰሜን፣ ያቴንጋ በሚባለው አካባቢ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ድርቁ መሬቱን እንደ ድንጋይ አድርጎት ሰው ሲሰደድ፣ እርሱ ወደ አባቶቹ ዘዴ ተመለሰ። ዛይ ይባላል፤ ቃሉ በሞሬ ቋንቋ በማለዳ ተነሥቶ መሬት ከማዘጋጀት ጋር የተያያዘ ነው። በደረቁ ወራት ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ፍግ ይጨመርበታል፣ ዝናቡ ሲመጣ ውኃውም ዘሩም እዚያው ይሰበሰባል። ሳዋዶጎ ግን አባቶቹ እንዳደረጉት ብቻ አላደረገም። ጉድጓዱን አሰፋው፤ ፍጉን ቀድሞ ጨመረ፤ ምስጦች በፍጉ ተስበው መሬቱን እንዲበሱለት ተወ። ጎረቤቶቹ አብዷል አሉት። ከማሽላው መካከል ዛፎች በቀሉ፤ ምድረ በዳ የነበረው ደን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2018 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለ፤ በ2023 አረፈ። የቀለም ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ነበር፤ እኔ ግን በሙያዬ ውስጥ ከታላላቆቹ ተመራማሪዎች መካከል እቆጥረዋለሁ፤ ይህንንም በአክብሮት ብቻ ሳይሆን በመስፈርት እላለሁ፤ ሐሳብ አነሣ፣ አንድ ነገር ለወጠ፣ ውጤቱን ተመለከተ፣ ደግሞ ለወጠ።

በእኛም አገር ሌላ የአፍሪካ ቃል አለ፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኞቻችን በየተዳፋቱ የሚያሠሩት ፋንያ ጁ። ስዋሂሊ ነው፤ ከኬንያ የመጣ፤ አፈሩን ከቦዩ ወደ ላይ እየወረወሩ እርከን የሚሠሩበት ዘዴ። አንድ የአፍሪካ ቃል የሙያ ቃል መሆን እንደሚችል ማስረጃ ብትፈልጉ በእጃችን ነው። የኮንሶን እርከን ደግሞ ተመልከቱ፤ አንዳንዱ ካብ እስከ 5 ሜትር ይቆማል፤ ሃያ አንድ ትውልድ ጠብቆታል፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። የምዝገባው ሰነድ ግን ካቡን አይጠግነውም፤ የሚጠግነው የኮንሶ ገበሬ ልጅ ነው፤ ያም ልጅ ከአባቱ የሚማረውን ነገር ትምህርት ቤቱ ዕውቀት ብሎ ካልቆጠረለት ወደ ከተማ ይመጣል።

እዚህ ላይ ለእኛ ለአዲስ አበባ ሰዎች የሚከብድ ነገር ልናገር። «የእኛ ዕውቀት» ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው በአማርኛ የተነገረውን ብቻ ነው። አዛውንቱ መረሬ ያሉትን ዓይነት ጥቁር አፈር በትግራይ ዋልካ ይሉታል፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው ኮቲቻ ይለዋል። አማርኛ ብቻ የሚጠይቅ ቅጽ ለኮንሶው ገበሬ እኔ ከሞላሁት የእንግሊዝኛ ቅጽ አይሻለውም። ለራሳችን የምንጠይቀውን ለሌላው ካልሰጠን ያስመለስነው ነገር የለም።

በሌላ በኩል፣ የቆየ ሁሉ ትክክል ነው ብላችሁ እንዳትነሡ አደራ። በሸዋ ደጋ አንዳንድ ቦታ ገበሬዎች አፈሩን ከምረው ከኩበት ጋር ያቃጥሉት ነበር፤ ለአንድ ሁለት ዓመት ገብስ ያሳምራል፤ ከዚያ ግን መሬቱ ለረጅም ዓመታት ጾሙን ያድራል። መሬት ሰፊ በነበረበት ዘመን ምክንያት ነበረው፤ ዛሬ ግን ያደኸያል። የሕፃን እንጥል ማስቆረጥም ከእናቶቻችን የወረስነው ነው፤ ስንቱን ሕፃን እንደጎዳ ሐኪሞች ያውቃሉ። የምንፈትነው ስለምንንቅ አይደለም፤ ስለምናከብር ነው፤ ቁም ነገር የሌለበትን ነገር ማንም ሊፈትን አይደክምም።

የእንዶድን ታሪክ የማታውቁ ብትኖሩ ዕወቁት። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቁልቁል ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲንሳፈፉ አየ። ቀንድ አውጣው ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ነው። ያየውን ወደ ቤተ ሙከራ ወሰደው፤ ሆኖም ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ግኝቱን እስኪቀበሉ ብዙ ዓመት ፈጀ። በ1989 (እ.ኤ.አ.) ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ያንኑ ሳዋዶጎ በኋላ የተቀበለውን ሽልማት አገኙ፤ የገበሬዎቻችንን የሰብል ዘር የታደጉት ዶክተር መላኩ ወረደም በዚያው ዓመት ተሸለሙ። ከዚያ በኋላ ግን በእንዶድ ላይ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በጤፍም ላይ በሆላንድ ተመሳሳይ ነገር ተደርጎ፣ በሄግ ያለ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ስለዚህ ስትመዘግቡ የነገሯችሁን ሰዎች ስምና ቀበሌ፣ ቀኑንም ጭምር፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ጻፉ። «ከአካባቢው ነዋሪ የተገኘ» የሚል ሐረግ በጽሑፋችሁ እንዳይገባ፤ ባለቤት የሌለው ዕውቀት የሚመስለው በዚያ ሐረግ ምክንያት ነው። ውጤቱን ስትጨርሱም ቅጂውን በሚያነቡት ቋንቋ ይዛችሁላቸው ተመለሱ። እኔ በሠላሳ ስምንት ዓመት ይህን ያደረግሁት አራት ጊዜ ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት የእናቴን ሣጥን ስከፍት የመጀመሪያዋን የኪስ ደብተሬን አገኘኋት። ጠርዟ አይጥ በልቶታል፤ እርሳሱ ግን ይነበባል። ሦስቱ ስሞች በተርታ ተጽፈዋል። ከሁለቱ ጎን ትርጉማቸውን አስፍሬአለሁ፤ ሶቭየት ኅብረት ሳለሁ የጠፋኝ ሦስተኛው ስምም አለ፤ ጎኑ ግን ባዶ ነው፤ መኪናው እየጠበቀኝ ነበርና ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። አዛውንቱ ካረፉ ቆይተዋል። ልጃቸው ግን ዛሬም ያንኑ ማሳ እንደሚያርስ ሰምቻለሁ። ከመስቀል በኋላ መንገዱ ሲደርቅ ከእነዚያ ተማሪዎች ሁለቱን ይዤ ልሄድ ተቀጣጥረናል፤ አንደኛው «እኛን ይመለከተናል?» ያለኝ ልጅ ነው። አዲሱን ቅጽ ትናንት ማታ በእጄ አስምሬ ጨረስኩት፤ የመጀመሪያው ዓምድ የገበሬው ስም የሚጻፍበት ነው፤ ሁለተኛው እርሱ አፈሩን የሚጠራበት፤ ሦስተኛው፣ ከሁሉ ሰፊ አድርጌ የተውሁት፣ ለምን እንደዚያ እንደሚጠራው።